ሰሃራን በክንፍ፦ የአንዲት ቢራቢሮ የአሥር ትውልድ ጉዞ

ክረምቱ በወጣ በሁለተኛው ሳምንት፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ገደማ፣ አጥራችን ሥር በበቀለ ኮሸሽላ ላይ አንዲት ቢራቢሮ አርፋ አገኘኋት። ክንፏን ዘርግታ ፀሐይ ትሞቃለች። ቀለሟ የበሰለ ብርቱካን ይመስላል፤ የፊት ክንፎቿ ጫፍ ጥቁር ሆኖ ነጫጭ ነጠብጣብ አለበት። ጎንበስ ብዬ ሳያት ግን ዓይኔን የያዘው ሌላ ነገር ነው። የግራ ክንፏ ጠርዝ ተበልቶ እንደ አሮጌ ነጠላ ጥለት ተቦጫጭቋል። ክንፏን የሚያለብሰው የቀለም ብናኝ በብዙ ቦታ ረግፎ ብርሃን የሚያሳልፍ ስስ ሽፋን ብቻ ቀርቷል። ጥላዬ ሲያርፍባት ብድግ አለች፤ አንድ ጊዜ ዞር ብላ ተመልሳ እዚያው አበባ ላይ ተቀመጠችና ቀሰሟን መምጠጥ ቀጠለች። የተራበች ትመስል ነበር።

እንዲህ ዓይነት ቢራቢሮ ስናይ «ወፍ ነክሷት ይሆናል» ብለን እናልፋለን። አንዳንዴ እውነት ነው። በዚህችኛዋ ዘር ዘንድ ግን የነተበ ክንፍ የረጅም መንገድ ምልክትም ነው። በቅርብ የተፈለፈለች ብትሆን ክንፏ ገና ከሸማኔ እጅ እንደወጣ ጋቢ ጠርዙ ያልተነካ፣ ቀለሙ ያልደበዘዘ በሆነ ነበር። አሮጌ ክንፍ ይዛ በመስከረም የምትታይ ግን ከሜዲትራኒያን ባሕር ማዶ ተነሥታ፣ ሰሃራን በአየር አቋርጣ የመጣች ልትሆን ትችላለች። ይህም ባለፉት 15 ዓመታት ገደማ ሳይንቲስቶች በራዳር፣ በክንፍ ኬሚስትሪና በአበባ ዱቄት አንድ በአንድ ያረጋገጡት ጉዳይ ነው። የሚያስቆጨኝ፣ ይህች መንገደኛ የእኛን አገር ጭምር ቤቷ አድርጋ ሳለ፣ ታሪኳ ከሞላ ጎደል የተጻፈው ከሰሜኑ ደጃፍ በቆሙ ሰዎች መሆኑ ነው።

የሳይንስ ስሟ ቫኔሳ ካርዱይ ይባላል። ስዊድናዊው ካርል ሊኔየስ እ.ኤ.አ. በ1758 ስም ሲያወጣላት ካርዱይ ያላት ከእሾሃማው ኮሸሽላ ጋር ባላት ቁርኝት ነው፤ በላቲን ካርዱስ የሚባለው ይኸው ተክል ነውና። እንግሊዞች «ፔንትድ ሌዲ» ይሏታል፤ በእኛ አነጋገር የተኳኳለች እመቤት እንደማለት ነው። ለፈረንሳዮቹ «ቤል ዳም»፣ ቆንጆዋ እመቤት ናት። በአማርኛ ከሌሎቹ ጋር ተደባልቃ በደፈናው ቢራቢሮ ስለሆነች፣ እኔ በዚህ ጽሑፍ «ባለኩሏ» እያልኩ እጠራታለሁ።

ባለኩሏ ክንፏ ሙሉ በሙሉ ሲዘረጋ ከዳር እስከ ዳር ከ5 እስከ 7 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ክብደቷ አንድ ግራም እንኳ አይሞላም። ክንፏን ስታጥፍ ሌላ ፍጥረት ትመስላለች፤ ብርቱካኑ ይጠፋና ቡናማ፣ ግራጫና ነጭ የተቀላቀለበት፣ ደረቅ ቅጠል የሚመስል ገጽ ይወጣል፤ በኋላ ክንፏ ጠርዝ ላይም ትናንሽ የዓይን ምስሎች ተደርድረዋል። በቅርብ ያያት ሰው በአራት እግር እንደቆመች ይምላል። ስድስት እግር አላት፤ የፊተኞቹ ሁለቱ አጥረው ደረቷ ላይ ስለሚታጠፉ ነው የማይታዩት። ቅጠሉ ለልጆቿ የሚሆን መሆን አለመሆኑን የምትቀምሰውም በእግሯ ነው። በአፍሪካ፣ በአውሮፓ፣ በእስያና በሰሜን አሜሪካ ትገኛለች፤ ይህን ያህል ሰፊ ምድር የሚያዳርስ ቢራቢሮ በዓለም ላይ ጥቂት ነው። በደቡብ አሜሪካ ግን ቋሚ መኖሪያ የላትም፤ ይህችን ነገር ያዙልኝ፣ ወደ ኋላ እመለስባታለሁ።

ሕይወቷ ከእንቁላል ይጀምራል። እናቲቱ እንቁላሎቿን አንድ ቦታ አትከምርም። አንዷን እዚህ ቅጠል፣ ሌላዋን እዚያ ቅጠል እያለች፣ እየቀመሰችና እየመረጠች በተናጠል ትጥላለች። እንቁላሏ ከስናፍጭ ፍሬ ታንሳለች፤ አረንጓዴ ናት፤ በአጉሊ መነጽር ላየ ሰው ከላይ እስከ ታች እንደ ዱባ ሸንተረር ወጥቶባታል። በሦስት፣ በአምስት ቀን ትፈለፈላለች። የምትወጣው አባጨጓሬ ወዲያውኑ ከአፏ የሐር ክር እየፈተለች የቅጠሉን ጠርዝ ትሰፋና ጎጆ ትቀልሳለች። በዚያ ድንኳን ውስጥ ተሸሽጋ ቤቷን ራሱን ትበላዋለች፤ ሲያልቅ ወጥታ ሌላ ትሰፋለች። ኮሸሽላ ዋና ምግቧ ነው፤ ሳማም ትበላለች፤ ከጥራጥሬ ወገን የሆኑ ተክሎችም አይቀሯትም። ከብት የሚሸሸው እሾህ፣ ሰው እጁን የሚሰበስብበት ሳማ፣ ለእሷ መሶብ ነው። ሰውነቷም እሾህ የለበሰ ነው። ቆዳዋን ደጋግማ እየጣለች፣ ሁለት ሳምንት ገደማ እንዲህ ትኖራለች።

ከዚያ በኋላ ቀጥ ያለ ነገር ፈልጋ ራሷን ቁልቁል ትሰቅላለች፤ የመጨረሻ ቆዳዋን ትጥልና በትምህርት ቤት ፑፓ ብለን የተማርነው ደረቅ ልባስ ትሆናለች። ልባሱ ላይ ወርቅ የነካው የሚመስል የሚያብረቀርቅ ነጠብጣብ አለ። ሳምንት ወይም አሥር ቀን ቆይታ ስትወጣ ክንፏ እርጥብና የተጨማደደ ነው። ደም ሥሮቹ ውስጥ ፈሳሽ እየገፋች ታቃናዋለች፤ እስኪደርቅም ተንጠልጥላ ትጠብቃለች። በዚህ ጊዜ ከሆዷ ቀላ ያለ ጠብታ ትጥላለች፤ በልባሱ ውስጥ ሳለች የተጠራቀመ ዝቃጭ ነው።

ስለዚህ ቀይ ጠብታ አንድ ታሪክ ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። እ.ኤ.አ. በ1608 በደቡብ ፈረንሳይ በኤክስ ከተማና አካባቢዋ በቤቶች ግድግዳ ላይ ቀይ ነጠብጣብ ታየ። ሕዝቡ ደም ዘነበ ብሎ ተሸበረ። ኒኮላ ክሎድ ፋብሪ ደ ፔሬስክ የተባለው ሊቅ ግን አንድ የቢራቢሮ ልባስ በሳጥን ዘግቶ አስቀምጦ ነበርና፣ ቢራቢሮዋ ስትወጣ በሳጥኑ ውስጥ የተወችውን ቀይ ጠብታ አየ። ከዚያም ነጠብጣቡ ያለበትን ቦታ እየዞረ መረመረ፤ ጠብታው ያለው ከሰማይ የሚወርድ ዝናብ በማይደርስበት ሥርቻና በጣሪያ ክፈፍ ሥር ነው። ደሙ የቢራቢሮ ልደት ሆኖ ተገኘ። ያን ጊዜ የታየችው የባለኩሏ የሥጋ ዘመድ የሆነች ሌላ ቢራቢሮ ሳትሆን አትቀርም፤ ጠብታው ግን የዘመዳሞቹ ሁሉ ነው።

ባለኩሏን ከብዙዎቹ ቢራቢሮዎች የሚለያት ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ሌሎች በብርድ አገር የሚኖሩ ቢራቢሮዎች ክፉውን ወራት በእንቁላል፣ በልባስ ወይም በዛፍ ስንጥቅ ተኝተው ያሳልፉታል። ባለኩሏ መተኛት አታውቅም። በየትኛውም የዕድሜ ደረጃ ከርሞ የመጠበቅ ችሎታ የላትም፤ ውርጭ ይገድላታል፤ ድርቅ የልጆቿን ምግብ ያጠፋባታል። ስለዚህ ዓመቱን ሙሉ ከአንዱ ልምላሜ ወደ ሌላው መሄድ አለባት። የሚያባርራት ጠላትም አለ። አባጨጓሬዋ ውስጥ እንቁላላቸውን የሚጥሉ ጥቃቅን ተርቦች አሉ፤ ልጆቻቸው አባጨጓሬዋን ከውስጥ ይበሏታል። አንድ ቦታ ትውልድ በትውልድ ላይ ብትደርብ ተርቦቹ ይበዙባታል። ተነሥታ ስትሄድ ግን ከኋላዋ ቀርተው እሷ ባዶ ሜዳ ላይ ትወልዳለች። ለእኔ ፍልሰቷን በደንብ የሚያስረዳው ይህ ነው፤ ከምግብ ፍለጋ ጋር ከተርቦቹ መሸሽም አለበት። ዘላን ከብቱን ከመዥገር ለማራቅ ሰፈር እንደሚቀይር ማለት ነው።

ሙሉ ቢራቢሮ ከሆነች በኋላ የምትኖረው ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ያህል ነው። የዓመቱ የደርሶ መልስ መንገድ ደግሞ ከሰሃራ በታች ካለው አፍሪካ እስከ ሰሜን አውሮፓና ወደ ኋላ ሲለካ ከ12,000 እስከ 15,000 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። በአራት ሳምንት ዕድሜ ይህን ማን ይዘልቀዋል? ማንም አይዘልቀውም። መንገዱ ቅብብሎሽ ነው። በየካቲት ሰሃራን ወደ ሰሜን የተሻገረችው እናት በሞሮኮ ወይም በሜዲትራኒያን ዳርቻ ወልዳ ትሞታለች። ልጆቿ በሚያዝያና በግንቦት ወደ አውሮፓ መሐል ይዘልቃሉ። የልጅ ልጆቿ በሰኔ እንግሊዝና ስካንዲኔቪያ ይደርሳሉ፤ አይስላንድ ድረስ የሚሄዱ አሉ። ከዚያ ቀኑ ማጠር ሲጀምር፣ በነሐሴና በመስከረም፣ ደቡብን አይታ የማታውቅ ትውልድ ፊቷን ወደ ደቡብ ታዞራለች። እስከ 10 የሚደርሱ ትውልዶች ተቀባብለው አንዱን ዙር ይዘጋሉ። ሙሉውን መንገድ ያየች አንዲት ቢራቢሮ የለችም።

ብዙ አንባቢ የሰማው ስለ ሰሜን አሜሪካዋ ሞናርክ ቢራቢሮ ሊሆን ይችላል። ሞናርክ በእውነት ድንቅ ናት፤ ከካናዳ የተነሣችው ራሷ ሜክሲኮ ተራራ ላይ ትደርሳለች፤ ተኝታ የምትከርምበትን ዛፍም ታገኛለች። ባለኩሏ ግን የመክረሚያ ዛፍ የላትም። በደረሰችበት ሁሉ መውለድ አለባት፤ የዙሩም ርዝመት ከሞናርኳ በእጅጉ ይበልጣል። አቅጣጫዋን የምትይዘው በፀሐይ ነው፤ ፀሐይ በቀኑ ውስጥ ቦታ ስትቀያይር የምታስተካክልበት የውስጥ ሰዓት አላት። ወቅቱ ሲለወጥ የምትሄድበት አቅጣጫም ይለወጣል። ከእናቷ የወረሰችው ይህንን ብቻ ነው፤ መንገዱን የሚያሳያት ሌላ ማንም የለም።

ረጅም ዘመን አውሮፓውያን ያልገባቸው ነገር ነበር። በጸደይ መንጋ ሆና ስትመጣ ያዩዋታል፤ በመኸር ስትመለስ ግን አያዩዋትም። ስለዚህ ብዙዎች በሰሜን የተወለዱት ሁሉ በብርድ ያልቃሉ፣ ጉዟቸው የአንድ መንገድ ሞት ነው ብለው ደመደሙ። እ.ኤ.አ. በ2009 መጀመሪያ በሰሜን አፍሪካ ጥሩ ዝናብ ዘነበ፤ በሞሮኮ ተራሮች ሥር ባለኩሏ በመቶ ሺዎች ተፈለፈለች። በዚያ ዓመት በመላው አውሮፓ የተሰበሰበው የሕዝብ ምልከታ ወደ 60,000 ደረሰ። በደቡብ እንግሊዝ ነፍሳትን ለመከታተል የተተከለ፣ ወደ ሰማይ ቀጥ ብሎ የሚያይ ራዳር ደግሞ ምሥጢሩን ፈታው። በመኸር የሚመለሱት ከመሬት ከ500 ሜትር በላይ ከፍ ብለው፣ ነፋሱን ከኋላቸው አድርገው፣ በሰዓት ወደ 50 ኪሎ ሜትር በሚጠጋ ፍጥነት ያልፋሉ። ዓይን የማይደርስበት ከፍታ ነው። በእ.ኤ.አ. 2009 ጸደይ ወደ እንግሊዝ 11 ሚሊዮን ያህል ገብተው፣ በመኸር 26 ሚሊዮን ያህል ወደ ደቡብ መመለሳቸው ተሰላ። አልቀዋል የተባሉት ከራስ በላይ እያለፉ ነበር።

ቀጣዩ ጥያቄ የት ይገባሉ የሚል ሆነ። እዚህ ላይ ነው አገራችን ወደ ታሪኩ የምትገባው። እ.ኤ.አ. በ2014 መኸር ጄራርድ ታላቬራና ሮጀር ቪላ የተባሉ የስፔን ተመራማሪዎችና ባልደረቦቻቸው ሴኔጋልን፣ ቤኒንን፣ ቻድንና ኢትዮጵያን ሊያስሱ መጡ። ጊዜው የእኛ መስከረምና ጥቅምት ነው፤ ክረምቱ ወጥቶ ምድሩ ገና አረንጓዴ የሆነበት፣ እሾሁም ሣሩም ያበበበት። ያገኙት ከአውሮፓ ያለቀች የመሰለችውን ቢራቢሮ ከሰሃራ በታች በብዛት ስትበርና ስትራባ ነው። አውሮፓ ላይ ቅጠሉ ሲረግፍ፣ ከሰሃራ ደቡባዊ ጠርዝ ያለው ሳህልና የአፍሪካ ደጋ አበባ ይዞ ይቀበላታል።

ከአውሮፓ ለመምጣቷ ማስረጃው ደግሞ እዚያው ክንፏ ላይ ነው። ዝናብ ውኃ ነው፤ ውኃ ውስጥ ሃይድሮጅን አለ። ሃይድሮጅን ቀላልና ከበድ ያለ ዓይነት አለው፤ አይሶቶፕ ይሉታል። የሁለቱ መጠን በስዊድን በሚዘንበው ዝናብና በቻድ በሚዘንበው ዝናብ አንድ አይደለም። ኮሸሽላው ያንን ዝናብ ይጠጣል፣ አባጨጓሬዋ ኮሸሽላውን ትበላለች፣ ክንፉ ከዚያ ይሠራል። ክንፍ አንዴ ከደረቀ አይለወጥም። ስለዚህ ቢራቢሮዋ የትም ትብረር የት፣ የልጅነት አገሯን ዝናብ እንደ ልደት ካርድ ተሸክማ ትዞራለች። ከሰሃራ በታች የተያዙት ክንፎች ሲመረመሩ አውሮፓ ተወለድን አሉ። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ጥናት ደግሞ ከሞሮኮ እስከ እስራኤል ባሉ የሜዲትራኒያን አገሮች በጸደይ የሚደርሱት ክንፎች፣ ብዙዎቹ ከሰሃራ በታች የተወለዱ መሆናቸውን አሳየ። ዙሩ ተዘጋ። አውሮፓ በየዓመቱ «የጸደይ እንግዳ» የምትላት ቢራቢሮ ለካ የአፍሪካ ልጅ ናት፤ በመኸር ወደ እኛ የምትመጣውም የአውሮፓ ልጅ።

ለነገሩ ከእኛ ጎረቤት ሆኖ ይህንን ያየ ሰው ከመቶ ሃምሳ ዓመት ገደማ በፊት ጽፎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1869 መጋቢት ላይ ሲድኒ ስከርችሊ የተባለ እንግሊዛዊ የጂኦሎጂ ባለሙያ ከሱዳኗ የቀይ ባሕር ወደብ ከሱዋኪን ወደ በርበር ከተማ በግመል ይጓዝ ነበር። ነፋስ በሌለበት ሜዳ ላይ ያለው ሣር ሁሉ ሲንቀጠቀጥ አየ። ከግመሉ ወርዶ ቀረብ ሲል በየሣሩ አገዳ ላይ የባለኩሏ ልባሶች ተንጠልጥለው፣ ለመውጣት ሲታገሉ ነው ሣሩን የሚያናውጡት። ብዙም ሳይቆይ ወጡ፤ ክንፋቸውን አደረቁ፤ ከዚያም እንደ ደመና በአንድነት ተነሥተው ወደ ባሕሩ አቅጣጫ በረሩ። ይህን ምልከታ ከአሥር ዓመት በኋላ፣ አውሮፓ በባለኩሏ በተጥለቀለቀችበት እ.ኤ.አ. በ1879፣ ኔቸር በተባለው መጽሔት ላይ አወጣው። ፍንጩ ታትሞ ተቀምጦ ሳለ ፍለጋው በዚህ አቅጣጫ የተጀመረው ከመቶ ዓመት በላይ ዘግይቶ መሆኑ አሁንም ያሳዝነኛል።

አሁን ያዙልኝ ወዳልኳት ነገር ልመለስ። እ.ኤ.አ. በጥቅምት ወር 2013 ይኸው ታላቬራ በደቡብ አሜሪካ፣ በፈረንሳይ ጊያና የባሕር ዳርቻ አሸዋ ላይ 10 ያህል ቢራቢሮዎች አርፈው አገኘ። ክንፋቸው ተቀዳድዷል፤ ደክመዋል። ባለኩሏ ናት፤ በዚያ አህጉር ግን ቤት የላትም። ከየት መጡ? ምርመራው ዓመታት ወስዶ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2024 ታተመ። ዘረመላቸው ከሰሜን አሜሪካዎቹ ጋር ሳይሆን ከአፍሪካና ከአውሮፓዎቹ ጋር ገጠመ። በሰውነታቸው ላይ የተጣበቀው የአበባ ዱቄት በዲኤንኤ ሲፈተሽ በሐሩር አፍሪካ የሚበቅሉ ሁለት ቁጥቋጦዎች ተገኙ፤ አንደኛው እኛ ቁርቁራ የምንለው ነው። በቆላ መንገድ ላይ ፍሬውን ለቅመን የበላነው፣ እሾሁ ልብስ የሚይዘው ቁርቁራ። የክንፋቸው ኬሚስትሪ ደግሞ የትውልድ ቦታቸውን ወደ ምዕራብ አውሮፓ አመለከተ።

መንገዱ ተገጣጠመ። አውሮፓ ተወለዱ፤ ወደ ምዕራብ አፍሪካ ወረዱ፤ ከቁርቁራ አበባ ቀሰሙ። ከዚያም ከሰሃራ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ የሚነፍሰው ነፋስ አንሥቷቸው አትላንቲክን አቋረጡ። ከ4,200 ኪሎ ሜትር የማያንስ ውኃ ነው፤ ማረፊያ ቅጠል የሌለበት። ስሌቱ ከአምስት እስከ ስምንት ቀን ፈጅቶባቸዋል ይላል። በሰውነታቸው ባለ ስብ ብቻ፣ ያለ ነፋስ እርዳታ፣ 780 ኪሎ ሜትር ያህል እንጂ አይዘልቁም ነበር። ከትውልድ ቦታቸው ጀምሮ ከተቆጠረ መንገዱ ከ7,000 ኪሎ ሜትር ይልቃል። አንድ ግራም የማትሞላ ፍጥረት ሦስት አህጉር ነካች፤ ምስክሯም ለዓይን የማይታይ የቁርቁራ ዱቄት ሆነ። ይህን ጥናት ካነበብኩ ወዲህ ቁርቁራን በቀድሞው ዓይን አላየውም።

የባለኩሏ ብዛት ከዓመት ዓመት እጅግ ይለያያል፤ በአውሮፓ የሚታየው ቁጥር አንዳንድ ዓመት መቶ እጥፍ ድረስ ያድጋል። ልዩነቱን የሚወስነው ምን እንደሆነ እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ ጥናት አሳይቷል። አውሮፓ ብርድ በሆነባቸው ወራት በሳህል ያለው ልምላሜ፣ ከዚያም በሰሜን አፍሪካ የጸደይ ልምላሜና በሰሃራ ላይ ከኋላ የሚገፋ ነፋስ ናቸው። ሳህል ሲዘንብ ለንደን በቢራቢሮ ትሞላለች። ይህ ነገር ለእኛ አንበጣን ሊያስታውሰን ይገባል። የበረሃ አንበጣም በበረሃ ዝናብ ይራባል፣ በነፋስ ይጓዛል፣ ድንበር አያውቅም። ከአንበጣ ወረራ በኋላ ያንን ሥርዓት በእርሻችን ኪሳራ ተምረነዋል። ባለኩሏ በዚያው ሰማይ፣ በዚያው ነፋስ ትመጣለች፤ ማሳ ስለማትጨርስ ግን ዜና አትሆንም። እ.ኤ.አ. በ2019 መጋቢት የእስራኤል ሰማይ በሚሊዮኖች በሚቆጠሩ ባለኩሎች ሲሞላ፣ እዚያ ያሉ ወገኖቻችን በየመንገዱና በየሰገነቱ ፊታቸውን እየነኩ ሲያልፉ አይተዋቸዋል። በረሃው በዝናብ ረጥቦ አበባ ያበቀለበት ዓመት ነበር።

የብዛቷን መለዋወጥ ለማየት መቁጠር ያስፈልጋል። እንግሊዝ ውስጥ ከእ.ኤ.አ. 1976 ጀምሮ ፈቃደኛ ሰዎች በየሳምንቱ አንዱን መንገድ እየሄዱ፣ በግራና በቀኝ ያዩትን ቢራቢሮ ቆጥረው ይመዘግባሉ። ጡረተኞች፣ መምህራን፣ ተማሪዎች ናቸው። በስፔኗ ካታሎኒያም ከእ.ኤ.አ. 1994 ወዲህ እንዲሁ ነው። የራዳሩም የክንፉም ግኝት ትርጉም ያገኘው ያ ደረቅ መዝገብ ስለነበረ ነው። ከሰሃራ በታች እንደዚያ ለአሥርት ዓመታት ሳይቋረጥ የተቆጠረ መዝገብ ጥቂት ነው። ባለኩሏ ከዓመቱ ብዙ ወራት የምታሳልፈው በዚህ ወገን ሆኖ ሳለ፣ ሒሳቧ የሚሠራው በዚያ ወገን ቁጥር ነው። ሳህል ሲደርቅ ወይም ደጋው ሲታረስ ምን ያህል እንደምትጎዳ ለማወቅ፣ እዚህ ሆኖ የሚቆጥር ዓይን ያስፈልጋል። ለዚህ ራዳር መግዛት አያሻም፤ እርሳስና ደብተር፣ ካለም የእጅ ስልክ ካሜራ ይበቃል። በዓለም ዙሪያ የባለኩሏን ጉዞ የሚከታተል ፕሮጀክት አለ፤ የተራ ሰው ምልከታም ይቀበላል።

ስለዚህ መምህራንን አንድ ነገር ልጠይቅ። በመስከረምና በጥቅምት ተማሪዎቻችሁን ይዛችሁ ወደ ትምህርት ቤቱ አጥር ውጡ። ኮሸሽላውን አይታችሁ ጠርዙ በሐር ክር የተሰፋ ቅጠል ካገኛችሁ ቀስ ብላችሁ ግለጡት፤ አባጨጓሬዋ እዚያ ልትሆን ትችላለች። አጥር የምታጸዱ ደግሞ እሾሁን በሙሉ ከማጨዳችሁ በፊት አንዷን ጥግ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ተዉላት። ለንደን፣ ስቶክሆልምና ቴል አቪቭ ያላችሁ አንባቢዎችም በየአገራችሁ ጸደይና በጋ ይህችኑ ቢራቢሮ ታገኟታላችሁ፤ ከደጃፋችሁ የምታርፈው፣ ጥቅምት ላይ እዚህ የተፈለፈለችው ቢራቢሮ ዘር ልትሆን ትችላለች። ስታዩዋት ክንፏን ተመልከቱ፤ አዲስ ነው ወይስ የነተበ? ወዴት ነው የምትበረው? ቀኑንና ቦታውን ጻፉ።